«ኤጽ ተኤና» (የበለስ ዛፍ)፦ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ዘመኑና ከልጆች ጋር ስለ ማየት

በቂርያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ከወላጆችና ከወጣቶች ጋር ስንሠራ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «ልጆቻችን እኛ ያለፍንበትን እንዲያውቁ ምን እናሳያቸው?» የሚል ነው። ስለ ሱዳን መንገድና ስለ ዘመቻ ሙሴ የተጻፈም የተቀረጸም አለ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ተቀምጦ መውጫውን ይጠብቅ ስለነበረው ሰው ግን የተሠራው ጥቂት ነው። ከዚህ ጥቂት ውስጥ አንዱ በዕብራይስጥ «ኤጽ ተኤና» የሚባለው፣ በአማርኛ «የበለስ ዛፍ» ልንለው የምንችለው የፍቅር ፊልም ነው። ከዚህ በታች ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ በጀርባው ያለው ታሪክ ምን እንደሆነና ቤት ውስጥ እንዴት ቢታይ እንደሚጠቅም በየርእሱ አቅርበናል።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ

ዘመኑ 1989 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1981/82)፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሚና የ16 ዓመት አይሁዳዊት ልጅ ናት። እናቷ ቀድማ እስራኤል ስለገባች የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ኤሊ የሚባል ክርስቲያን ጓደኛ አላት። አብረው ያደጉ ናቸው፤ ይዋደዳሉ። ኤሊ ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወሰድ በዛፎች መካከል ተደብቆ ይውላል። ሚናም ወደ እሱ ትመላለሳለች። የበለሱ ዛፍ መገናኛቸውም መሸሸጊያቸውም ነው።

በዚህ መካከል ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመውጣት እየተዘጋጀ መሆኑን ታውቃለች። ለሌላው ሰው የምሥራች የሆነው ነገር ለእሷ ጭንቀት ይሆንባታል። እሷ ስትወጣ ኤሊ ምን ይሆናል? ስለዚህ እሱን የምታድንበት የራሷን ዘዴ ታስባለች። ነገር ግን በጦርነት ጊዜ የሰው እቅድና የሚሆነው ነገር አይገናኙም። መጨረሻውን ለተመልካች እንተወዋለን።

የሚናን ቦታ የተጫወተችው ቤተልሔም አስማማው፣ የኤሊን ደግሞ ዮሐንስ ሙሴ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን የሚነገርበትም ቋንቋ አማርኛ ነው።

ደራሲዋና አዘጋጇ

ፊልሙን የጻፈችውም ያዘጋጀችውም ዓለምወርቅ ዳቪዲያን ናት። በኢትዮጵያ ተወልዳ በ11 ዓመቷ ወደ እስራኤል መጣች። ኋላም በኢየሩሳሌም በሚገኘው በሳም ሽፒግል የፊልም ትምህርት ቤት ተምራለች። «ኤጽ ተኤና» የመጀመሪያዋ ረጅም ፊልም ነው። ታሪኩን የጻፈችው ከራሷ የልጅነት ትዝታ ተነሥታ ነው።

ፊልሙ በመስከረም 2018 በካናዳ በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ታየ። እዚያም ሴት አዘጋጆችን ለማበረታታት የሚሰጠውን «ኦደንሺያ» የተባለ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በእስራኤል የኦፊር ሽልማት፣ ካሜራውን የያዘው ዳንኤል ሚለር በምርጥ ቀረጻ ተሸልሟል።

ለወጣቶቻችን ይህ ከሽልማት ያለፈ ትርጉም አለው። በሦስቱም ከተሞች በደብተራቸውና በስልካቸው የሚጽፉ ልጆች አሉ። ግጥም ይጽፋሉ፤ የዘፈን ቃላት ይጽፋሉ፤ የቤታቸውንም ታሪክ ይሞክራሉ። ብዙዎቹ ጅምሩን ለማንም አያሳዩም። «የእኛ ቤት ታሪክ ማንን ያስደንቃል?» ይላሉ። አማርኛ መስማት እንጂ መጻፍ ስለማይችሉ የአያታቸውን ንግግር በዕብራይስጥ ሲጽፉት ጣዕሙ ይጠፋባቸዋል። በልጅነቷ ከአገሯ የወጣች ሴት የሰፈሯን ወሬ፣ የአያትን ቁጣና የጎረቤትን ሹክሹክታ በራሱ ቋንቋ በዓለም መድረክ ላይ ማቅረቧ ለእነዚህ ልጆች ማስረጃ ነው። ወላጅም «ይህ እንጀራ አይሆንም» ከማለቱ በፊት የልጁን ደብተር አንድ ጊዜ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በጀርባው ያለው ዘመን

ልጆች ፊልሙን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልጁ ለምን ይደበቃል?» ብለው ነው። መልሱን ለማስረዳት የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅማል።

ደርግ በ1975 ዓ.ም. (1983) የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። በአዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ግን ወረቀቱና አሠራሩ ተለያዩ። በመጋቢት 1980 (1988) የመንግሥት ጦር አፍአበት ላይ ተሸነፈ። በየካቲት 1981 (1989) ሽሬ ላይ ተመታ። በግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎች በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ያደረጉት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። ያለቀውን ሠራዊት ለመተካት ቀበሌዎች ሰው እንዲያቀርቡ ይገደዱ ነበር።

«አፈሳ» የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ የገባው በዚህ ዘመን ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከገበያ ወይም ከኳስ ሜዳ ይያዛል፤ ዕድሜው ያልደረሰም ይወሰዳል። እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን ቆጥ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ፣ ዘመድ ቤት ይደብቁ ነበር። ከመካከላችን ይህን በዓይኑ ያየ ብዙ ነው።

እናት እስራኤል፣ ልጅ አዲስ አበባ እንዴት ሊሆን እንደቻለም ልጆች ይጠይቃሉ። እስራኤልና ኢትዮጵያ በ1973 የተቋረጠ ግንኙነታቸውን እንደገና የጀመሩት በ1989 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዋና መውጫ በሱዳን በኩል ነበር። ዘመቻ ሙሴ በጥር 1985 ወሬው ወጥቶ ሲቋረጥ አባት እዚህ፣ ልጅ እዚያ፣ እህት እዚህ፣ ወንድም እዚያ ቀረ። ከ1990 ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰው ከጎንደር መንደሮች ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ተራውን ጠበቀ። ግንቦት 13 ቀን 1983 (1991) መንግሥቱ ከአገር ሸሸ። ግንቦት 16 እና 17 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓዘ። ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የሚናና የኤሊ ታሪክ የሚፈጸመው ይህ ሁሉ ሊመጣ ሲል፣ ግን ማንም መምጣቱን በማያውቅበት ጊዜ ነው።

ስለ ዛፉ

«ተኤና» በአማርኛ በለስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በለስ ሲባል የቁልቋሉን ፍሬ የሚያስብ ሰው ስላለ ልጆች ሲጠይቁ ግር ሊል ይችላል። አገራችን ላይ ሽማግሌዎች የሚሸመግሉባቸው ዋርካና ሾላም ከበለስ ጋር አንድ ወገን ናቸው። በነቢዩ ሚክያስ መጽሐፍ ሰው ያለ ፍርሃት ከበለሱ ሥር መቀመጡ የሰላም ዘመን ምልክት ሆኖ ተጠቅሷል። በፊልሙ ግን ልጁ ከዛፉ ሥር የሚቀመጠው ፈርቶ ነው። ኦሪትን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ ፊልሙ የበለጠ ይገባቸዋል።

በእኛ ቤቶች ለምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ስለ ቋንቋ ነው። በጤና ጣቢያ፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ልጁ ያስተረጉማል፤ ወላጁ ይጠብቃል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልጁ ወላጁን እንደማያውቅ ሰው ማየት ይጀምራል። በዚህ ፊልም ፊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ ከታች የተጻፈውን ያነብባል፤ እናት ግን በጽሑፉ ያልገባውን ስድብ፣ ምርቃትና ሽሙጥ ትሰማለች። «ምን አለች?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁ ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ውትድርና ነው። ልጅ ወደ 17 ዓመት ሲጠጋ «ጻቭ ሪሾን» የሚባለው የመጀመሪያ ጥሪ ቤት ይደርሳል። ልጁ ይደሰታል፤ የትኛው ክፍል እንደሚገባ ያስባል። እናት ግን ታለቅሳለች፣ ወይም ዝም ትላለች። ልጁ «አታምኑብኝም፣ አትኮሩብኝም» ብሎ ይቀየማል። በሥራችን ይህን ቅያሜ በብዙ ቤት አይተናል። እናቲቱን ያስለቀሳት የእስራኤል ወረቀት አይደለም፤ የቀበሌው መኪና ነው። ልጁ የአፈሳን ነገር ካላወቀ ይህን ሊገምት አይችልም። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ወላጅ በአፉ ሊነግረው፣ ልጁም ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሊሰማ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀረው ሰው ነው። ስንወጣ ሁሉም ሰው አብሮን አልወጣም። ጎረቤት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የጡት እናት፣ አንዳንዴም የተወደደ ሰው እዚያ ቀርቷል። «ኢየሩሳሌም ገብተን ምን ይጎድለናል?» ስለተባለ ይህ ሐዘን አልተነገረም። ፊልሙ ወደ እስራኤል መውጣትን አይነቅፍም፤ መውጣት ዋጋ እንደነበረው ግን ያሳያል። አንዳንድ ወላጆች ልጅቷ ክርስቲያን መውደዷን አይተው ቅር ሊላቸው ይችላል። በመንደር ያደጉት ከሌላው ጋር ላለመነካካት እንዴት ይጠነቀቁ እንደነበር፣ በከተማ ደግሞ ኑሮው እንዴት ድብልቅ እንደነበር ለልጆቻቸው ለመናገር ግን ይህ ራሱ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ከማየታችሁ በፊት

ፊልሙ የሕፃናት አይደለም። የአፈሳ ትዕይንቶች አሉት። በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሲሞክር ይታያል። በወጣቶቹ መካከል የሥጋ መቀራረብም አለ። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከ15 ወይም ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ባይታይ ይሻላል። የሚከተሉትን ምክሮች ልብ ይበሉ።

1. ወላጅ መጀመሪያ ብቻውን ይየው። ጦር ሜዳ የነበረ ወይም ልጁን በአፈሳ ያጣ ሰው በቤት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አታስገድዱት።

2. ፊልሙን ማቆም ነውር አይደለም። ጥያቄ ሲነሣ አቁማችሁ ተነጋገሩ፤ ቡና አፍሉ፤ ከዚያ ቀጥሉ።

3. ልጁን ከመምከር ይልቅ መጠየቅ ይበጃል። «አንተ በእሷ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ የራሳችሁን ንገሩት።

4. ያልተነገረ ነገር ሲወጣ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ካልተሻለ በከተማችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ያለውን ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። በአስቸኳይ ጭንቀት ጊዜ በስልክ የሚያዳምጠው የ«ኤራን» ቁጥር 1201 ነው።

ሌሎች ተቀራራቢ ፊልሞች

«ዘሩባቤል» (2008) በሽሙኤል ቤሩ የተዘጋጀ ሲሆን ከኢትዮጵያ በመጣ አዘጋጅ በእስራኤል የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ ስለ አባትና ስለ ልጆቹ ሕልም ይናገራል። «ቀይ ቅጠሎች» (2014) የባዚ ጌቴ ሥራ ነው፤ ዝነኛው ተዋናይ ደበበ እሸቱ ሚስቱ ሞታበት በልጆቹ ቤት የሚንከራተት አባት ሆኖ ይጫወታል። በኢትዮጵያ በኩል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) የደርግን ዘመን ተምሮ በተመለሰ ሰው ዓይን ያሳያል። ከእነዚህ መካከል «ኤጽ ተኤና» የሚለየው ያንን ዘመን በአንዲት ታዳጊ ልጅ ፍቅር በኩል ስለሚያሳይ ነው።

በሦስቱም ከተሞች ያሉ የማትናስ አስተባባሪዎችና የወላጆች ቡድኖች ፊልሙን በጋራ ለማየት ቢያስቡ አያቶችን ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ የሚጠይቁት እነሱን ነው።