ጣትና ፊደል፦ ተች ስልክ የሰጠንና ያስቀረብን

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አካባቢ አንድ ዓይነት ሱቅ አይጠፋም። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አንድ ወይም ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ጣቷ የማይታይ ፈጣን ጸሐፊና ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። ከሚጠብቁት መካከል ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ዲግሪ አላቸው። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ከሱቁ ኮምፒውተር የበለጠ ጉልበት አለው። የመጡት ግን የሥራ ማመልከቻና ሲቪ ለማስጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በስልካቸው ሲጽፉ ውለው፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሲያስፈልጋቸው ከፍለው ያስጽፋሉ።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። ከኋላው ረጅም ታሪክ አለው። ኮምፒውተር ከጠረጴዛ ወርዶ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ለአማርኛ ምን እንዳተረፈ፣ ምን እንዳጎደለም የሚያሳይ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ 231 ፊደል በ45 ቁልፍ

የጽሕፈት መኪና የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። 26 ፊደል ከቁጥርና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር 45 ያህል ቁልፍ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ስለሚመታ መኪናው በጠቅላላው 90 ያህል ምልክት ይይዛል። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ሲጨመሩበት ወደ 300 ይጠጋል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከተነሱት ኢትዮጵያውያን መካከል ቀድሞ የሚጠቀሰው ኢንጂነር አያና ብሩ ነው። የመፍትሔው መንገድ ፊደልን መበተን ነበር። ግንዱ ለብቻ ይመታል፤ ካዕብ፣ ሣልስ ወይም ኃምስ የሚያደርገው ቅጥያ ደግሞ ለብቻ ይጨመርበታል። ዘዴው ሠራ። መሥሪያ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ደብዳቤያቸውን በዚህ መንገድ በተሠሩ መኪናዎች ጻፉ። ዋጋው ግን ወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር። ቅጥያው ከግንዱ ይሸሻል፤ ፊደሉ የተሰበረ ይመስላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክርክሩ አቅጣጫውን መቀየሩ ነው። «መኪናው ለፊደሉ አልበቃም» መባሉ ቀርቶ «ፊደሉ ለመኪናው በዝቷልና ይቀነስ» የሚሉ ተነሱ። ብረቱ ሲያስቸግር ጥፋተኛ የተደረገው ፊደሉ ነበር።

በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ሲመጣ ብረቱ ቀረ፤ ችግሩ ግን በሌላ መልክ ቀጠለ። በውጭም በአገር ቤትም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የየራሳቸውን የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሩ። «አጋፋሪ»፣ «ፓወር ግዕዝ»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ» የሚሉትን ስሞች የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች አይረሷቸውም። ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት ለላቲን ፊደል የተመደበውን ቦታ ተውሰው ነበር። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ግዕዝ ለሁሉም ኮምፒውተር የሚሆን የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ቦታው ተገኘ ማለት ግን ሰው እጅ ገባ ማለት አልነበረም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት ተጭኖ የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው፤ ለሰፊው ገበያ የቀረበውም በጥር 2007።

እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ያላግጣል። የጠረጴዛው ኮምፒውተር አማርኛን ተቀብሎ በወጣበት በዚያው ወር፣ ጥር 9 ቀን 2007፣ ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ቁልፍ የሌለውን አይፎን አሳየ። ፊደላችን ጠረጴዛው ላይ ቦታ ሲያገኝ ዓለም ከጠረጴዛው ሊነሳ ነበር።

▪️ ጣት ከየት መጣ?

በጣት የሚታዘዝ ስክሪን የአፕል ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ አገር በሮያል ራዳር ኢስታብሊሽመንት ይሠራ የነበረው ኢ.ኤ. ጆንሰን ሐሳቡን በጽሑፍ ያሳተመው በ1965 ነው፤ የታሰበው ለአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ነበር። በ1972 የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ «ፕላቶ 4» በተባለው የትምህርት ኮምፒውተሩ ተማሪዎች ስክሪኑን በጣት ነክተው ጥያቄ እንዲመልሱ አደረገ። በ1983 ደግሞ ሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-150 የተባለ ባለ ንክኪ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ።

ታዲያ ለምን ወደ 25 ዓመት ጠበቀ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ክንድ ይዝላል። ፊት ለፊት የቆመ ስክሪን ላይ እጅን አንስቶ ሲነካኩ መዋል አይቻልም። ጣት የሚመቸው ስክሪኑ እጅ ላይ ሲሆን ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ትምህርት በ2012 በዊንዶውስ 8 እንደገና ከፍሎበታል። ለጣት የተሠራውን ገጽታ በማውስ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ጫነ፤ «ስታርት» የሚለውን ቁልፍም አነሳ፤ ተጠቃሚው አጉረመረመ፤ በዓመቱ ቁልፉ ተመለሰ።

በስልክና በታብሌት ላይ ግን ጣት አሸነፈ። የገበያ መረጃ የሚሰበስበው ስታትካውንተር እንዳስታወቀው፣ ጥቅምት 2016 ላይ በዓለም ዙሪያ በስልክና በታብሌት የሚደረገው የኢንተርኔት አሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተሩ በለጠ።

▪️ መስታወቱ ፊደሉን ሲያስገባ

የንክኪ ስክሪን ለአማርኛ የሠራው ትልቁ ነገር ቁልፍን ከብረትና ከፕላስቲክ ማላቀቁ ነው። መስታወት ላይ የሚታየው ቁልፍ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ይቀያየራል። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች «ለ»ን ሲነኩ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ፣ ተሰልፎ ይመጣል። አያና ብሩ በብረት ሊፈታው የታገለው ስሌት በአንድ መስመር ተፈታ። ፊደል መበተን፣ ቅጥያ ማሳደድ፣ «ይቀነስ» ማለት ቀረ።

ሁለተኛው ነገር ፋብሪካ አለማስፈለጉ ነው። የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የብረት ማቅለጫና የውጭ ኩባንያ ይሁንታ ያስፈልግ ነበር። አንድሮይድ ግን ከ2009 ጀምሮ ማንም ፕሮግራመር የራሱን ኪቦርድ ሠርቶ እንዲጭን ፈቀደ። «ፊንግዕዝ» እና «ሀሁ» የመሳሰሉት መጻፊያዎች በየሰው ስልክ የገቡት በዚህ በር ነው። አፕል ይህን በር በአይፎን ላይ የከፈተው በ2014 ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረውን ላስታወሰ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የስልክ አጭር መልእክት ከ2005ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ተዘግቶ እስከ 2007 ዘልቋል። ሲከፈትም አብዛኛው ቀፎ ግዕዝ አያውቅም ነበር። ቀፎው ቢያውቅ እንኳ በላቲን 160 ምልክት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እያጣመመ ጻፈ። «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ተምታቱ። ዛሬ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ በንጹሕ ፊደል የሚሟገቱት የሰፈር ሰዎች ጽሕፈት ቤት ገብተው ታይፕ የተማሩ አይደሉም። አማርኛን በመሣሪያ መጻፍ የጸሐፊዎች ሙያ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሰው ነገር ሆነ።

ሦስተኛው ስጦታ ለማያነቡትም ደርሷል። ማውስ ይዞ ቀስት ማንቀሳቀስ ትምህርት ይጠይቃል፤ ሥዕል መንካት ግን አይጠይቅም። ወሎ ያለች እናት ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ልጇን በኢሞ ፊት ለፊት እያየች የምታነጋግረው የልጇን ፎቶ በመንካት ነው። በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ገንዘብ መላክን ወደ ጥቂት ንክኪ አውርዶታል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪው ኪስ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ማሸነፉም አይገርምም። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስልኩ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ነው። ለብዙው ደግሞ ብቸኛው።

▪️ ወንጪ የተላከው ሳጥን

«ብቸኛው» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በ1972 አለን ኬይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሆኖ «ዳይናቡክ» ያለውን መሣሪያ በወረቀት ላይ ነደፈ። መጠኑ እንደ ደብተር፣ ልጅ ይዞት የሚዞር። የዛሬውን ታብሌት ያየ ሰው «ያው ነው» ሊል ይችላል። የኬይ ዓላማ ግን ልጆች የሌላ ሰው ሥራ እንዲያዩበት ብቻ አልነበረም። የራሳቸውን ፕሮግራም እንዲጽፉበት፣ መሣሪያውን ራሱን እንዲለውጡት ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላ ያ አሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈተነ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት በ2012 ትምህርት ቤት ያላዩ ልጆች ወዳሉባቸው ሁለት መንደሮች፣ ወደ ወንጪና ወደ ወለንጪቲ፣ ታብሌቶችን በሳጥን አድርሶ ያለ አስተማሪ ተወላቸው። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላ ነበር። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በቀናት ውስጥ በርካታ መተግበሪያዎችን መጠቀም ለመዱ። በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር። በወራት ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን የታብሌቱን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት።

ይህ ዜና በዓለም ዙሪያ በአድናቆት ተነበበ፤ የሚደነቅም ነው። ሁለት ነገር ግን አብሮ ያሳያል። አንደኛው የጣት ኃይል ነው፤ ማንም ሳያስተምራቸው ገቡበት። ሁለተኛው የይዘቱ ጉዳይ ነው። ልጆቹ የዘመሩት «ሀ ሁ ሂ»ን አልነበረም፤ የቤታቸውን ቋንቋም አልነበረም። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ውስጥ ያገኙት ግን ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ነበር። እነሱ የራሳቸው ካደረጉት ነገር አንዱ ያ የተዘጋው ካሜራ ነው።

▪️ ያስቀረብን

የተች ስልክ ታሪክ በአጭሩ ይኼው ነው። መግባትን እጅግ ቀላል አደረገ፤ መሥራትን ግን በዚያው ልክ አላቀለለም። መልእክት፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ አጭር ቪዲዮ በጣት ይሠራል፤ በዚህ የሚተዳደሩ ወጣቶችም አሉ። 20 ገጽ ጥናት፣ የሱቅ ሒሳብ በሠንጠረዥ፣ የቤት ፕላን፣ የፕሮግራም ኮድ ሲሆን ግን አውራ ጣት ይደክማል፤ ስክሪኑም ይጠባል። ሌሎች አገሮች ወደ ስልክ የመጡት በጠረጴዛው ኮምፒውተር በኩል አልፈው ነው። ሲያስፈልጋቸው ይመለሱበታል። እኛ ዘለልነው። የዘለለ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ የዘለለውን ግን አልረገጠውም።

ይህ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ። ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሲነካ ያደገ ተማሪ የወደፊት ዕጣውን የሚወስነው ፈተና ላይ ከማውስ ጋር ይተዋወቃል ማለት ነው። ኮምፒውተር ቤቱ ያለው ተማሪና የሌለው ተማሪ እዚያ ክፍል እኩል አይቀመጡም። መንግሥት በ2024 ይፋ ያደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያንኑ ጥያቄ ያነሳል። ሠልጣኙ ትምህርቱን በስልኩ ይከታተል ይሆናል፤ ኮዱን በምን ላይ ተቀምጦ ይጻፍ?

መልሱ ስልክን መውቀስ አይደለም። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያላደረገውን አድርጓል። መልሱ የጎደለውን ግማሽ መሙላት ነው። ስልክ ላይ በገመድ ወይም በብሉቱዝ የሚሰካ ኪቦርድ አለ፤ ዋጋውም ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም። በየትምህርት ቤቱ ተቆልፎ አቧራ የጠጣ የኮምፒውተር ክፍል ካለ በሩ ይከፈት። የአማርኛ ፊደል በአሥር ጣት መጻፍ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ። የቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛም ከወንበሩ ጋር ኪቦርድ ይኑረው።

ያኔ ያ ዲግሪ ያለው ወጣት በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ወዳለው ሱቅ የሚሄደው ለፕሪንት ብቻ ይሆናል። ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ይመጣል።