ቆራሌው የወሰደው ብረት የት ይደርሳል?

በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ የማይሰማበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ስያሜው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ እያጠረ የመጣ ነው ይባላል። የተበሳ ድስት፣ የተቃጠለ ካውያ፣ የተሰበረ የብረት አልጋ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የቧንቧ መክፈቻ ሁሉ በእነዚህ ሰዎች ከረጢት ከየቤቱ ይወጣል። ከእነሱ ያመለጠው ደግሞ ቆሼ ደርሶ እዚያ በሚለቅሙ ሰዎች ይፈለጋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸው ይታወሳል።

ሥራው የሚጀምረው በመለየት ነው። ብረትን ማግኔት ይስበዋል፤ መዳብን፣ ነሐስንና አሉሚኒየምን አይስብም። ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው፤ መዳብ በኪሎ ከሁሉም ውድ ሲሆን ተራው ብረት ርካሹ ነው። (ብዙዎቹ የማይዝጉ ማንኪያዎችም በማግኔት ስለማይሳቡ ጀማሪውን ያሳስቱታል።)

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ገና የሚያገለግለው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እዚያ በርሜል ተቆርጦና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ላሜራው አክንባሎና የቆሻሻ ማፈሻ፣ ጣሳው ኩራዝ ይወጣዋል። ሳይቀልጥ ሌላ ዕቃ ስለሚሆን፣ በእኛ ግምት ከሁሉም ብክነት የሌለበት መንገድ ይህ ነው። የቀረው ቁርጥራጭ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካዎች ተጭኖ ለግንባታ የሚውል ፌሮ ይሠራበታል።

አሉሚኒየም ግን የራሱ ታሪክ አለው። አሮጌውን ማቅለጥ የሚፈልገው ኃይል ከማዕድን አዲስ ለማምረት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ብረት ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጠይቅ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ከሰልና ወናፍ ካለ በጓሮም ይሠራል። በብዙ ታዳጊ አገሮች ድስት በዚህ መንገድ ይመረታል። ችግሩ የሚመጣው የሞተር ክፍሎች፣ ራዲያተርና የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ሳይለዩ አብረው ሲቀልጡ ነው፤ ከእነሱ ጋር እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ድስቱ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከመካከለኛው አሜሪካ 10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ ከሦስቱ አንዱ ያህል የእርሳስ አደጋ እንዳለበት አመልክቷል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ቲማቲምና ሎሚ የገባበት ምግብ ብረቱን ይበልጥ ስለሚያሟሟ፣ ከየት እንደተሠራ በማይታወቅ ድስት እንዲህ ያለውን ወጥ ባያበስሉ፣ በተለይም ባያሳድሩበት ይመረጣል።

እቤት ውስጥ ሁለት ነገሮች ላይ ቢጠነቀቁ መልካም ነው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። መዳቡን ለማውጣት ፕላስቲኩን ማቃጠል የተለመደ ቢሆንም ጭሱ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ አለው፤ በቢላዋ መላጥ ጊዜ ቢወስድም መዳቡ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ የተሻለ ዋጋም ያወጣል። ሁለተኛው የመኪና ባትሪ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስና የእርሳስ ውሑድ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድ ነው። ገዢው «አሲዱን ይድፉልኝ፣ ይቀለኛል» ቢልዎትም እሺ አይበሉት፤ ሳይከፈትና ሳይደፋ እንዳለ ያስረክቡ።