አሮጌው ኮምቢ የዓባይን በረሃ እንዲወጣ ምን ሞተር ይግባለት?

አልጋና ምድጃ የተገጠመለት የድሮ ቮልስዋገን ኮምቢ አላችሁ እንበል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና ወጥታችሁ፣ ከደጀን በቢቸና በኩል መርጡለ ማርያም ልትገቡ ነው፤ እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበትን ጥንታዊ ገዳም ልታዩ። ሞተሩ ግን ደክሟል። ጓደኛችሁ «ትልቅ ሞተር አስገቡበት፣ አለቀ!» ይላል። አላለቀም። ለምን እንዳላለቀ የኮምቢው ታሪክ ራሱ ይነግረናል።

ኮምቢ ጀርመን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የተገጠመለት የቮልስ ሞተር ነበር። ቮልስን ታውቋታላችሁ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ትንሿ መኪና ናት። ጉልበቱ 25 ፈረስ ብቻ! በ1951 ዌስትፋሊያ የተባለ ድርጅት አልጋና ቁም ሳጥን ገጠመለትና ኮምቢው ተንቀሳቃሽ ቤት ሆነ።

ሞተሩ ያለው ከኋላ ሲሆን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ስለዚህ ማውረዱ ቀላል ነው። ብዙ ባለቤቶች 1,200 ሲሲውን አውጥተው 1,500 ወይም 1,600 ሲሲ ያስገቡበት ነበር። ፋብሪካውም ጉልበቱን መጀመሪያ ወደ 30፣ በ1960ዎቹ ከ40 በላይ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ወደ 70 አደረሰው። ልብ በሉ! ያደገው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለፊት እግሮቹ ዲስክ ፍሬን ተገጠመላቸው። የሚፈጥን መኪና መቆምም አለበት።

አሁን ወደ ጎጃም ደጋ እንምጣ። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ጠለል ከሚመዝነው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቤንዚን ያለ ኦክስጅን አይነድምና «44 ፈረስ» የተባለው ሞተር እዚህ ወደ 34 ይወርዳል። ሌላም ጣጣ አለ። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚነፋበት አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙም ይቀንሳል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ደግሞ ሽቅቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በከባድ ማርሽ፣ በቆላ ሙቀት። ማቀዝቀዣውን ሳያስቡ ሞተሩን ብቻ ማሳደግ እንግዲህ ሙቀቱን መጨመር ነው።

በውጭ አገር ብዙዎች በውሃ የሚቀዘቅዝ የሱባሩ ሞተር የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ቅርጹ ከቮልሱ ጋር ይቀራረባል፤ ሲሊንደሮቹ በሁለቱም በኩል የተጋደሙ ናቸው። ግን ራዲያተር፣ ረጅም የውሃ ቧንቧ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ብረት ይፈልጋል። ብራዚል እስከ 2013 ኮምቢ ስታመርት ነበር፤ እሷም በ2005 መጨረሻ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ትታ 1.4 ሊትር ባለ ውሃ ሞተር አስገባች። ራዲያተሩን የት አደረገችው? አፍንጫው ላይ!

በ2020 ደግሞ ቮልስዋገን ራሱ የ1966 ኮምቢ ወስዶ የቤንዚን ሞተሩን አወጣና 83 ፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ከ45 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ጋር ገጠመለት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይነጥቀውም። እስኪ እናስላው። 2 ቶን የሚመዝን ኮምቢ 1,200 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 2,000 × 9.8 × 1,200፣ ማለትም 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ የመንገዱንና የአየሩን ግጭት ሳይጨምር ነው። የባትሪው አንድ ሰባተኛ መሆኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል። ችግሩ ሌላ ነው፦ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደው 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ አዲስ አበባ–ደጀን ብቻ ግን ከ200 በላይ ነው።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። በዚያው በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በየግቢው የቆሙት አሮጌ መኪናዎች ግን አሁንም አሉ። ለቁራሌው ይሰጡ ወይስ ሞተር ይቀየርላቸው የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የምታውቁት ሰው ሞተር ሊያስቀይር ሲል ፈረስ ጉልበቱን ብቻ አትጠይቁት። ሙቀቱ በምን ይወጣል? ካምቢዮው ይችለዋል? ፍሬኑ ያቆመዋል? ነዳጁ ወይም ቻርጁ መንገድ ላይ ይገኛል? የዓባይን በረሃ የሚያስወጣው የእነዚህ ሁሉ መልስ ነው።