ከተሞች ሲያድጉ አርሶ አደሩ ምን አተረፈ?

እንደሚታወቀው ለብዙ ሺህ ዓመታት አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ይኖር የነበረው በገጠር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት በ1950 ከዓለም ሕዝብ 30 በመቶው ብቻ በከተማ ሲኖር፣ በ2007 ግን ቁጥሩ ግማሽ ደርሷል። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 16 በመቶ ነበር። ይህ ከብዙ አገሮች ሲነፃፀር ዝቅተኛ ቢሆንም ጉዞው ወደዚያው ነው።

ይህ ለውጥ ቀድሞ የታየው በእንግሊዝ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሺህ በሚቆጠሩ አዋጆች የወል መሬቶች እየታጠሩ በግል ይዞታ ሥር ገቡ። በወል መሬት ላይ ላሙን ያሰማራ የነበረው አነስተኛ ገበሬ መተዳደሪያው ጠበበ። በዚያው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1801 75 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ማንችስተር በ1851 ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪ ያዘች።

ከተማዋ ግን ይህን ሁሉ ሕዝብ ለመቀበል አልተዘጋጀችም ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1842 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት የማንችስተር የሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን፣ ገጠር በሆነው ራትላንድ 38 ዓመት ነበር። ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ባለመኖሩ ብዙ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። ያም ሆኖ የፋብሪካው ደመወዝ ከገጠሩ የቀን ሥራ ይሻል ስለነበር የሚመጣው ሰው አልቀነሰም።

ዘመናዊው የኅብረት ሥራ መሠረት የተጣለውም በዚሁ ችግር መካከል ነው። በማንችስተር አቅራቢያ በምትገኘው ሮችዴል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ይኖረዋል፤ ትርፍም በተሳትፎ መጠን ይከፋፈላል የሚሉት መርሆዎች ከዚያ ወደ ዓለም ተሰራጩ።

መርሆዎቹ ለገበሬ ያስገኙትን ጥቅም ካሳዩት አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት። ገበሬውን ከባለ ርስቱ ጋር ያሰረው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1788 ከተሻረ በኋላ ብዙዎች የራሳቸው መሬት ባለቤት ሆኑ። ሆኖም በ1870ዎቹ ከአሜሪካና ከሩሲያ የመጣው ርካሽ እህል ዋጋቸውን ሰበረው። ገበሬዎቹም ወደ ወተት ሀብት ዞሩ። በ1882 ዬዲንግ በተባለች መንደር የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። አዲሱ የክሬም መለያ መሣሪያ የትንሹንም የትልቁንም ገበሬ ወተት በአንድነት ማቀነባበር አስቻለ። ክፍያው በቀረበው ወተት መጠን ሲሆን፣ ድምፅ የሚቆጠረው ግን በሰው እንጂ በላም ብዛት አልነበረም። ቅባቱ የወጣለት ወተት ለአሳማ መኖ ተመለሰ። ቅቤውና የአሳማው ሥጋ በዋናነት ወደ እንግሊዝ ከተሞች ተላከ። በ1900 ማቀነባበሪያዎቹ ከ1,000 በላይ ደርሰው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ ሲባል ከዴንማርክ ገጠር ሰው አልተሰደደም ማለት አይደለም። ወደ ኮፐንሃገንም ወደ አሜሪካም የሄዱ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ በገጠር የቀረው ገበሬ የሌሎች ከተሞችን ዕድገት ለራሱ ገበያ ማድረጉ ነው።

በኢትዮጵያ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የባላባት ሥርዓትን አስወግዷል፤ መሬትም አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገር ግን ይዞታው ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ወደ ከተማ ያማትራል። ይህን ወጣት በምክር ብቻ ማስቀረት አይቻልም። በ1991 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 መሠረት ዩኒየኖች መደራጀት ሲጀምሩ ዋናው ሥራ ግብዓት ማቅረብና ምርት መሰብሰብ ነበር። ምርቱ በጥሬው ተጭኖ ሲሄድ ግን የወፍጮው፣ የማሸጊያውና የማጓጓዣው ሥራ አብሮት ይሄዳል፤ ወጣቱም ሥራውን ይከተላል።

ስለሆነም የአባላትና የአመራሩ ጥያቄ ከተሞችን እንዴት እናስቁም የሚል ሊሆን አይገባም። የምሥረታ በዓል ሲከበር የዓመቱ ትርፍ ብቻ ሳይሆን፣ በዩኒየኑ መጋዘንና ማቀነባበሪያ ሥራ ያገኙ የአባላት ልጆች ቁጥርም አብሮ ሊቀርብ ይገባል።