የምዕራብ አፍሪቃ የባሕር ዳር ሩዝና የገበሬዎቹ ዕውቀት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፤ ከጋምቢያ ወንዝ እስከ ሴራሊዮን ባለው የአትላንቲክ ጠረፍ፤ በማንግሮቭ ረግረግ ላይ ሲሠራበት የኖረውን የሩዝ እርሻ ታሪክ ባጭሩ መግለጽና፤ ይህ እርሻ ያገሩ ገበሬዎች በረዥም ዘመን ፈትነው ያገኙት ዕውቀት መሆኑን ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሰው ካለመዳቸው ሁለት የሩዝ ዓይነቶች አንደኛው የእስያ፤ ሁለተኛው የአፍሪቃ ነው። የአፍሪቃው ሩዝ፤ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮላን ፖርቴር እንዳመለከተው፤ የለመደው ኒጀር ወንዝ ማሊ ውስጥ ሜዳውን በሚያጥለቀልቅበት ስፍራ ነው። ከዚያ ወዲህም በጄኔ ጄኖ ፍርስራሽ በተደረገው ቁፋሮ፤ ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነው የዚሁ ሩዝ ፍሬ ተገኝቷል። ስለዚህ ሩዝን ወደ አፍሪቃ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለው አሮጌ አስተያየት ለዚህ አገር አይሠራም። እንዲያውም የኬፕ ቬርዴው ነጋዴ አልቫሬስ ደ አልማዳ በ1594 ሲጽፍ፤ የጠረፉ ሰዎች ግድብ ሠርተው ሩዝ ሲያበቅሉና ችግኙን ነቅለው ሲተክሉ ማየቱን ይናገራል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም፤ በ1793 ግድም፤ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረው ሳሙኤል ጋምብል በኑኔዝ ወንዝ አጠገብ የባጋ ሰዎችን እርሻ ተመልክቶ፤ ግድቡንና ትልሙን በሥዕል ጭምር አስቀርቶልናል።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ለነገሩ ዋና ነው። የማንግሮቭ ዛፍ የሚበቅልበት ጭቃ በቀን ሁለት ጊዜ የባሕር ውሃ ይገባበታል። አፈሩ ለም ቢሆንም ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ጨው ነው፤ ሁለተኛው በጭቃው ውስጥ ያለው የብረትና የድኝ ውሁድ ነው። ይህ ውሁድ በውሃ ተሸፍኖ ሳለ አይጎዳም፤ ደርቆ አየር ሲያገኘው ግን ወደ አሲድ ይለወጥና አፈሩን አኮምጥጦ ሰብል እንዳይበቅልበት ያደርጋል። ስለዚህ የጆላ፤ የባላንታና የባጋ ገበሬዎች በመጀመሪያ ባሕሩን የሚከለክል የጭቃ ግድብ ይሠራሉ። በግድቡም ውስጥ ከተቦረቦረ ግንድ የተሠራ፤ ሲፈለግ የሚከፈትና የሚደፈን ቧንቧ ይቀብራሉ። ቀጥሎም የክረምቱ ዝናም ጨውን አጥቦ እንዲያወጣ ይጠብቃሉ፤ ይህም ሁለትና ሦስት ዓመት፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ጆላዎች ካዬንዶ በሚሉት፤ ጫፉ ብረት በሆነ ረዥም የእንጨት አካፋ ትልም ያወጣሉ፤ በደረቅ መሬት ያፈሉትንም ችግኝ አምጥተው በትልሙ ላይ ይተክላሉ። በበጋ ደግሞ በብዙ ስፍራ የባሕሩን ውሃ በፈቃዳቸው መልሰው ያስገባሉ። ለማያውቀው ሰው ይህ እብደት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የጨው ውሃው አፈሩ እንዳይደርቅና እንዳይኮመጥጥ ይጠብቃል፤ አዲስ ደለል ያመጣል፤ አረሙንም ይገድላል። ጨውን በዝናም ማጠብ ይቻላል፤ የኮመጠጠን አፈር መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን እርሻ ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ዋልተር ሆውቶርን የዶክትሬት ጥናቱን አስፋፍቶ በ2003 ባወጣው መጽሐፍ፤ የባላንታ ሰዎች ወደ ረግረጉ ሩዝ በሰፊው የገቡት በባሪያ ንግድ ዘመን መሆኑን አሳይቷል። ማንግሮቭን ለመመንጠርና ጭቃውን ለመገልበጥ ብረት ያስፈልግ ነበር፤ ብረቱም የተገኘው ምርኮኞችን በመሸጥ ነው። ስለዚህ ያ ያማረ እርሻ የመከራ ዘመን ልጅ ጭምር ነው። ኤዳ ፊልድስ ብላክ በበኩሏ የኑኔዝን አካባቢ ቋንቋዎች በማነጻጸር፤ ጨውንና ማንግሮቭን የሚመለከተው ዕውቀት ግን ከመርከቦቹ መምጣት አስቀድሞ የነበረ መሆኑን አስረድታለች። ይኸው ዕውቀት ውቅያኖሱን ተሻግሮ የደቡብ ካሮላይናን የሩዝ እርሻ አቁሟል የሚለው፤ በ1974 ፒተር ዉድ ያነሣውና በ2001 ጁዲት ካርኒ ያሰፋችው ሐሳብ፤ በ2007 ኤልቲስና ባልደረቦቹ የመርከቦችን መዝገብ ይዘው ተቃውመውታል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ዳሩ ግን በአፍሪቃ ጠረፍ ዕውቀቱ ስለመኖሩ ተከራካሪዎቹ አይለያዩም።

ይህን ዕውቀት ሳይጠይቁ መሥራት የሚያስከትለውን በደቡብ ሴኔጋል፤ በካዛማንስ፤ ማየት ይቻላል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዝናም ሲያጥርና ጨው ሲበረታ፤ የባሕሩን ውሃ ጨርሶ ለመከልከል ታላላቅ ግድቦች ተሠሩ። ዓላማው በጎ ነበር። ነገር ግን ባሕሩ ሲዘጋና ድርቁ ሲታከልበት ረግረጉ ደረቀ፤ በጊዴልና በሌሎችም ሸለቆዎች አፈሩ ኮመጠጠ። መሐንዲሱ ጨውን ብቻ ጠላት አደረገ፤ ገበሬው ግን ሁለቱን ጠላቶች አንዱን ባንዱ ይጠብቅ ነበር።

ባገራችንም ርብና ጉማራ በክረምት በሚያጥለቀልቁት በፎገራ ሜዳ፤ ከ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አሥርታት ጀምሮ ሩዝ ይዘራል። ፎገራ የባሕር ጨው የለበትም፤ ስለዚህ የካዛማንስ ዘዴ እንዳለ አይገለበጥለትም። የሚወሰደው የምርምሩ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ውሃው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ፤ የትኛው መሬት ለከብት መተው እንዳለበት፤ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ገበሬውን መጠየቅ ነው። የፎገራ ሩዝ ታሪክ ገና ወጣት ነው፤ ከጀማሪዎቹ አንደበት ሊጻፍ የሚችለውም ዛሬ ነው። የጠረፉን ሰዎች ታሪክ ለማግኘት ግን ተመራማሪዎች የባሪያ ነጋዴዎችን ማስታወሻ መበርበር ግድ ሆኖባቸዋል።