ቆርጦ ቀጥል ድሮም ነበር

"ቪዲዮው እኮ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ!" ተማሪዎቼ በቲክቶክ ወሬ ሲከራከሩ የመጨረሻ ማስረጃቸው ይህች ናት። እኔም አብዮቱን ሳስተምር ስለ አንድ ፊልም እነግራቸዋለሁ።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። እዚህ መንግሥት ረሃቡን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። አዲስ አበባ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየችው አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ያሳየውም ደርግ ነው። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ገባበት። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣውም፣ ውሾቹም እውነት ናቸው። አንድ ላይ ሲሰፉ ግን ለየብቻቸው የማይናገሩትን ይናገራሉ። ሰፊው ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነበረው።

"ታዲያ ረሃቡ ፕሮፓጋንዳ ነበር ማለት ነው?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። በፍጹም! ሕዝብ አልቋል፤ መደበቁም ትልቅ በደል ነው። መጠየቅና መካድ ለየቅል ናቸው።

ከ10 ዓመት በኋላስ? በመስከረም 1977 ያው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ እየተራበ ነበር። እሱም በተራው ሸፋፈነ። የኮረምን ስቃይ ለዓለም የገለጠው በጥቅምት ወር ቢቢሲ ያስተላለፈው የማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው የሞሐመድ አሚን ዘገባ ነው። በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደ መንግሥት የራሱን ረሃብ ካሜራ እንዲያየው አልፈለገም።

ስለዚህ ልጆቹን አራት ጥያቄ አስይዛቸዋለሁ፦ ማን ቀረጸው? ማን ቆርጦ ቀጠለው? ለምን አሁን ወጣ? ያልታየውስ ምንድን ነው? አራተኛው ይከብዳል፤ የሌለን ነገር መፈለግ ነውና።

ይሄ ለፈተና ብቻ አይደለም ወገኖቼ። የድሮ ወይም የሌላ አገር ሬሳ ፎቶ "የእኛ ሰዎች ናቸው፣ ተነሱ" ተብሎ ለአንድ ልጅ ሲላክለት፣ ሼር ከማድረጉ በፊት እነዚህን አራቱን ቢጠይቅ የሰው ነፍስ ሊተርፍ ይችላል።

ያንን ምሽት በቴሌቪዥን ያያችሁ ታላላቆቻችን ካላችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።