የፔዳል ታሪክ፤ ከፒያኖ እስከ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ

ድምፅን ማሰማት አንድ ሙያ ሲሆን፣ የተሰማውን ድምፅ አቆይቶ በጊዜው ማቆም ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ክራር የሚገርፍ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ ባንድነት ሲገርፍ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ነክተው ያፍናሉ፤ በሚፈለገው አውታር ላይ ያረፈው ጣት ግን ይነሣና ድምፁ ይወጣል። እንግዲህ በዚህ አጨዋወት ዜማውን የሚወልደው የጣት ማረፍ ሳይሆን የጣት መነሣት ነው።

የፒያኖ ፔዳልም የተመሠረተው ይህን በሚመስል ሐሳብ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ማፈኛውን የሚያነሣው እግር መሆኑ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል የእግር ሥራ ከእንጨትና ከብረት ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክም ወደ ቁጥር እስኪሸጋገር ድረስ ረዥም ዘመን ፈጅቷል። በመጨረሻውም ምዕራፍ ላይ አንድ ትንሽ ጉዳይ ሳይፈታ ቀርቷል፤ ይኸውም አንዱ ፋብሪካ የሠራው ፔዳል ከሌላው ፋብሪካ ኪቦርድ ጋር ሲገናኝ የእግርን ትእዛዝ ገልብጦ የሚያደርስበት ጊዜ መኖሩ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒያኖን የፈለሰፈው የፓዶቫ ተወላጅ የሆነውና በፍሎረንስ ከተማ የሜዲቺን መሳፍንት ያገለግል የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ሲሆን፣ መሣሪያው በ1700 በተጻፈ የንብረት መዝገብ ላይ ሠፍሮ ይገኛል። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ አውታሩን ይመታል፤ ማፈኛውም አብሮ ይነሣል። ጣት ቁልፉን ሲለቅ ማፈኛው ተመልሶ ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ድምፅ እንዲቆይ ከተፈለገ ጣት ከቁልፉ ላይ መነሣት አይችልም ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ጎትፍሪድ ዚልበርማን የተባለው የሳክሶኒ ኦርጋንና ፒያኖ ሠሪ ማፈኛዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያነሣ ዘዴ ጨመረ። ዳሩ ግን ይህ ዘዴ የሚንቀሳቀሰው በእጅ ስለ ነበር፣ ተጫዋቹ እሱን ለማዘዝ አንድ እጁን ከቁልፎቹ ላይ ማንሣት ግድ ሆነበት።

ከዚያም ሥራው ከእጅ ወደ ጉልበት ተዛወረ። በአውግስቡርግ ከተማ ይሠራ የነበረው ዮሐን አንድሬያስ ሽታይን ማፈኛዎቹ በጉልበት ግፊት የሚነሡበትን ፒያኖ ሠራ፤ ሞዛርትም በኦክቶበር 1777 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ የዚህን ዘዴ ቅልጥፍና አሞግሷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሥራው ወደ እግር ወረደ፤ ጆን ብሮድውድ በ1783 በለንደን ባስመዘገበው ፓተንት ውስጥም ፔዳል ይገኝበታል። እጆች ለዜማው፣ እግር ለማፈኛው የሚለው የሥራ ክፍፍል በዚህ ሁኔታ እየጸና ሄደ።

የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ማፈኛዎቹ ሁሉ ባንድነት ስለሚነሡ፣ የተመቱት አውታሮች ድምፃቸውን ከማቆየታቸውም በላይ ያልተመቱትም አብረው እየተንቀጠቀጡ ያጅቧቸዋል። የሠለጠነ ተጫዋች ፔዳሉን በግማሽ ሲረግጥ ማፈኛው አውታሩን በስሱ ብቻ ይነካዋል፤ ድምፁም ባንድ ጊዜ ከመቆረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ስታይንዌይ የተባለው የኒው ዮርክ ፋብሪካ በ1874 ፓተንት ያገኘበት የመካከለኛው ፔዳል ደግሞ፣ በተረገጠበት ቅጽበት ተነሥተው የነበሩትን ማፈኛዎች ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የተጫዋቹን እግርና ማፈኛውን የሚያገናኘው ዘንግ መሆኑ ነው። እግር ሲወርድ ማፈኛው ይነሣል፤ እግር ሲነሣ ማፈኛው ይወርዳል። በመካከላቸው የሚተረጉም ሦስተኛ ወገን የለም።

በኦርጋን ዘንድ የእግር ሥራ ሌላ መንገድ ተከትሏል። የኦርጋን ድምፅ ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ስለማይጠፋ፣ ይበልጥ ያስፈለገው ድምፁን የሚያጎላና የሚያለዝብ መሣሪያ ነበር። በ1712 አብርሃም ጆርዳን ለለንደኑ የቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን የሠራው ኦርጋን፣ ከቧንቧዎቹ ከፊሉን በያዘው ሣጥን ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ነበረው። ሐሳቡ እየተሻሻለ ሄዶ በእግር የሚታዘዝ ሆነ፤ ሎረንስ ሃመንድ በ1935 ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ኦርጋንም የድምፁን መጠን የሚቆጣጠር ፔዳል ነበረው። እንግዲህ የዛሬው ኪቦርድ ከሁለት ቤት የወረሳቸው ሁለት ፔዳሎች አሉት። የፒያኖው ልጅ ድምፅን ያቆያል፤ የኦርጋኑ ልጅ የድምፅን መጠን ይለዋውጣል። በአሠራር ረገድ የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ተራ ስዊች ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያለ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው።

ሽግግሩ ባንድ ጊዜ የተፈጸመ አይደለም። ከ1965 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁን የሚያጎላው በኤሌክትሪክ ቢሆንም፣ ድምፁን የሚያመነጨው መዶሻ የሚመታው ብረት ነበር፤ ስለዚህ ማፈኛም ነበረው፤ ፔዳሉም ማፈኛዎቹን የሚያነሣው በብረት ዘንግ ነበር። በሲንተሳይዘር ግን አውታርም፣ መዶሻም፣ ማፈኛም የለም። ድምፁ የሚወለደው፣ የሚያድገውና የሚሞተው ኤሌክትሮኒክ መሥመሩ በሚወስነው ልክ ነው። ጣት ቁልፉን ሲለቅ ድምፁ የመክሰሚያ ደረጃውን ይጀምራል፤ የፔዳሉም ሥራ ይህን ደረጃ ማዘግየት ብቻ ነው። እግሩ የሚያነሣው ነገር ስለሌለ የሚያስተላልፈው ምልክት ብቻ ሆነ።

በዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋችነቱ የሚታወቀው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ የቀረጸው ካሴት የዚህ ሽግግር ዘመን ጥሩ ምስክር ነው። ሙዚቀኛው በዚህ ሥራው ከአኮርዲዮን ጋር የሮድስ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ በ1983 ያወጣውን ዲ ኤክስ 7 ተጠቅሟል። ፔዳሉ በዘንግ የሚሠራው መሣሪያና ፔዳሉ በገመድ የሚሰካው መሣሪያ ባንድ ሙዚቀኛ እጅ ጎን ለጎን ተገኝተዋል ማለት ነው።

አለመግባባቱ የገባው በዚህ ገመድ በኩል ነው። ስዊች በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው ሳይረገጥ መሥመሩ ክፍት ሆኖ ሲረገጥ የሚገናኝ ነው፤ ሁለተኛው ሳይረገጥ መሥመሩ ተገናኝቶ ሲረገጥ የሚቋረጥ ነው። በምሕንድስና ዓይን ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ግዴታም አልነበረም። ስለዚህም አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች የመጀመሪያውን፣ ሌሎቹም ሁለተኛውን መረጡ። የመጀመሪያውን የሚጠብቅ ኪቦርድ ሁለተኛው ሲሰካበት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ እግር ሲነሣ ድምፁ ይቆያል፤ እግር ሲረግጥ ይቆረጣል። ዘፋኝ ለማጀብ መድረክ ላይ የወጣ ተጫዋች ይህ ቢደርስበት ድምፁ እርስ በርሱ እየተደራረበ ዜማውን ያደፈርስበታል። ምክንያቱን ካላወቀም ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለውና ደኅናውን መሣሪያ ለጥገና ይሰጣል።

ችግሩን ያባባሰው መሰኪያው ነው። በአብዛኛው በሥራ ላይ የዋለው 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ መነሻው የ19ኛው መቶ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ ነው። በሙዚቃው ዓለም ጊታሩም፣ የጆሮ ማዳመጫውም፣ የሚያቆየውም ፔዳል፣ ድምፅ የሚለዋውጠውም ፔዳል የሚሰኩት በዚሁ ጃክ ነው። መሰኪያው ያለ ችግር ስለሚገባ ተጠቃሚው መሣሪያዎቹ የተግባቡ ይመስለዋል። ነገር ግን መሰኪያ መግባቱ የመጠን መግጠም እንጂ የቋንቋ መግባባት ማስረጃ አይደለም።

በዚሁ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ታላቅ ስምምነት ላይ መድረሳቸው ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል። የሴኩዌንሻል ሰርኪትሱ ዴቭ ስሚዝ፣ የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺና ሌሎች የአሜሪካና የጃፓን ፋብሪካዎች ተባብረው ሚዲ የተባለውን የጋራ ቋንቋ አዘጋጁ። በጃንዋሪ 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ንግድ ትርኢት ላይ፣ የሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ሲንተሳይዘሮች ባንድ ገመድ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ሲታዘዙ ታዩ። ስሚዝና ካኬሃሺም ለዚህ ሥራቸው በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተቀበሉ። በሚዲ ቋንቋ የሚያቆየው ፔዳል 64 ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከ0 እስከ 63 ያለው ዋጋ እግር መነሣቱን፣ ከ64 እስከ 127 ያለው እግር መርገጡን ያመለክታል። ድምፅ ለሚለዋውጠው ፔዳልም 11 ቁጥር አለው።

ዳሩ ግን ይህ ስምምነት የሚጀምረው ኪቦርዱ ስዊቹን አንብቦ ከተረጎመ በኋላ ነው። ከእግር እስከ ኪቦርዱ ጀርባ ያለው አጭር ገመድ ከስምምነቱ ውጭ ቀረ። ኪቦርዱ ፔዳሉን ገልብጦ ካነበበው ሚዲ የተገለበጠውን ቃል አንዲት ሳይጎድል ለሌሎቹ መሣሪያዎች ያደርሳል። መልእክተኛው ታማኝ ነው፤ ስሕተቱ ያለው ቃሉን በሰጠው ዘንድ ነው።

ፋብሪካዎቹ ችግሩን በየበኩላቸው ለማቃለል ሞክረዋል። ብዙ ኪቦርዶች ኃይል በሚያገኙበት ቅጽበት ፔዳሉን ይመረምሩና ያገኙበትን ሁኔታ የዕረፍት ሁኔታው አድርገው ይወስዱታል። በእንዲህ ዓይነቱ ኪቦርድ ላይ መፍትሔው ኪቦርዱን አጥፍቶ፣ ፔዳሉን ሰክቶ፣ እግርን አንሥቶ እንደገና ማብራት ነው። ይህ ብልኀት ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ተጫዋቹ መሣሪያውን ሲያበራ ሳያስበው ፔዳሉን ከረገጠ፣ ተስማምተው የኖሩት ሁለቱ መሣሪያዎች በዚያው ምሽት ይጣላሉ። ሌሎች ኪቦርዶች በውስጣቸው የፔዳሉን ዓይነት የሚመርጡበት ሥፍራ አላቸው። አንዳንድ ፔዳሎችም ከሥራቸው አሠራሩን የሚቀይር ትንሽ ማንሸራተቻ አላቸው።

ድምፅ የሚለዋውጠው ፔዳል ጉዳይ ከዚህ የጠለቀ ነው። ጃኩ ሦስት መገናኛ ሲኖረው፣ የሬዚስተሩ ተንቀሳቃሽ ጫፍ ከየትኛው መገናኛ ጋር እንደሚያያዝ ፋብሪካዎች አልተስማሙም። ስለዚህ ያልተስማማው ፔዳል ጨርሶ ላይሠራ፣ ወይም ባንድ ጊዜ ከዝምታ ወደ ጩኸት ሊዘል ይችላል። በግማሽ የመርገጥ ጥበብም ቢሆን ወደ ኪቦርዱ የሚዘልቀው ፔዳሉም ኪቦርዱም ለዚሁ ከተሠሩ ብቻ ነው። ተራው ስዊች መኖርና አለመኖርን እንጂ በመካከሉ ያለውን አያውቅምና።

አንድ ኪቦርድ ባንድ ጊዜ የሚያሰማቸው ድምፆች ቁጥርም የተወሰነ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 አምስት ድምፅ፣ ዲ ኤክስ 7 ደግሞ 16 ድምፅ ብቻ ነበራቸው። ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ የተያዙት ድምፆች ይደራረባሉ፤ ቁጥሩ ሲሞላም አዲሱ ድምፅ ቦታ የሚያገኘው ከቀደሙት አንዱ ሲቋረጥ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፔዳሉ አልያዘልኝም ይላል፤ ፔዳሉ ግን ሥራውን ፈጽሟል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሙዚቃ መሣሪያ ባለሙያዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። ታላላቅ ፋብሪካዎች በውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሆነው ባንድ ቋንቋ ለመነጋገር ሲስማሙ፣ እግር የሚነካውን ስዊች ግን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ቀሩ። የዚያም ዕዳ የወደቀው በስምምነቱ ጉባኤ ባልነበረው ሰው ላይ፣ ማለትም በተጫዋቹና በጠጋኙ ላይ ነው። ስለዚህ ጠጋኝ የተገለበጠ ፔዳል ሲመጣለት ኪቦርዱን ከመፍታቱ በፊት ስዊቹ ሳይረገጥ ክፍት ይሁን ዝግ በመለኪያው ይመርምር፤ ሻጭም ፔዳልን ከኪቦርዱ ጋር ሞክሮ ይስጥ። ተጫዋቹም መሣሪያውን በሚያበራበት ጊዜ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ያንሣ።